ፍርድ ቤት ውሳኔን ‹ሲከልስ›፦ የመረጃ ነጻነት ክርክር ቃላት በአማርኛ ትርጉም

የብሪታንያ የመረጃ ነጻነት ሕግ እ.ኤ.አ. በ2000 ወጥቶ ከ2005 መግቢያ ጀምሮ ሙሉ በሙሉ በሥራ ላይ የዋለ ሕግ ነው። የዚህ ሕግ አንቀጽ 58 ይግባኝ ለሚሰማው አካል፣ የመረጃ ኮሚሽነሩ ውሳኔውን የመሠረተበትን ማናቸውንም የፍሬ ነገር ድምዳሜ ‹ሪቪው› የማድረግ ሥልጣን ይሰጠዋል። ይኸው የእንግሊዝኛ ቃል ‹ጁዲሻል ሪቪው› በሚለው ሐረግ ውስጥ ሲገባ ደግሞ፣ አንድ ሚኒስትር ወይም አንድ መሥሪያ ቤት የወሰነው ነገር ሕግን የተከተለ መሆን አለመሆኑን ለማየት በከፍተኛው ፍርድ ቤት የሚካሄደውን ክርክር ይሰይማል። በመጀመሪያው ቦታ ዳኛው ፍሬ ነገሩን እንደገና አንሥቶ ይመዝናል፤ ካስፈለገም በኮሚሽነሩ ውሳኔ ፈንታ የራሱን ይተካል። በሁለተኛው ቦታ ግን በውሳኔ ሰጪው ወንበር ላይ እንዳይቀመጥ ይከለከላል። እንግዲህ አንድ ቃል ተቃራኒ ለመባል ጥቂት የቀራቸውን ሁለት ሥራዎች ተሸክሟል ማለት ነው። እንግሊዛዊው የሕግ አንባቢ አይደናገርም፤ ቃሉ የቆመበት ሰፈር ይነግረዋልና። በአማርኛ ትርጉም ሁለቱም ‹ክለሳ› ተብለው ሲቀርቡ ግን ሰፈሩ ይጠፋል፤ አንባቢው ፍርድ ቤቱ የሚችለውንና የማይችለውን ለይቶ ማወቂያ አያገኝም።

በዚህ ጽሑፍ የምንተቸው ይህንን ልማድ ነው። ትችታችን በአንድ በተወሰነ ተርጓሚ ላይ ያነጣጠረ አይደለም፤ ልማዱ የብዙዎቻችን ነው፤ እኛም ራሳችን ‹የዳኝነት ክለሳ› እያልን የጻፍንበት ጊዜ ነበር። ነገሩ የቃል ውበት ጉዳይ ቢሆን ኖሮ በዝምታ ባለፍነው ነበር። ነገር ግን መረጃ ተከልክሎ አቤት የሚል ሰው ፍርድ ቤት ምን ሊያደርግለት እንደሚችል የሚያውቀው ከተጻፈለት ቃል ነው። በብሪታንያ የኮሚሽነሩ ውሳኔ ከተላከ በኋላ ይግባኝ የሚባልበት ጊዜ 28 ቀን ነው። በዚያ አገር የሚኖር አንድ አማርኛ አንባቢ ‹ውሳኔው ሊከለስ ይችላል› የሚል ትርጉም ቢደርሰው፣ የሚከልሰው ያው የወሰነው መሥሪያ ቤት መስሎት ዝም ብሎ ሊጠብቅ ይችላል። ‹ይግባኝ› የሚለውን ቃል ቢያይ ኖሮ ግን ቀን መቁጠር እንዳለበት ማንም ሳይነግረው ባወቀ ነበር።

ክርክሩ ምን ያህል በቃል ላይ እንደሚንጠለጠል ለማሳየት አንድ የታወቀ ጉዳይ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሮብ ኤቫንስ የተባለ የ‹ጋርዲያን› ጋዜጣ ጋዜጠኛ፣ በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ልዑል ቻርልስ ከሰባት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጋር የተጻጻፏቸው ደብዳቤዎች እንዲሰጡት ጠየቀ። መሥሪያ ቤቶቹ እምቢ አሉ። ለመረጃ ኮሚሽነሩ አቤት ቢል፣ ኮሚሽነሩም በአብዛኛው የመሥሪያ ቤቶቹን እምቢታ ደገፈ። ጋዜጠኛው ይግባኝ አለ፤ ጉዳዩ ወደ ላይኛው ችሎት ተመራ፤ ችሎቱም ምስክር ሰምቶ፣ ፍሬ ነገሩን ራሱ መዝኖ፣ ልዑሉ አንድን አቋም ለማስያዝ ለሚኒስትሮች የጻፏቸው ደብዳቤዎች ይገለጡ ሲል በሴፕቴምበር 2012 ፈረደ። አንድ ወር ያህል እንዳለፈ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ዶሚኒክ ግሪቭ የሕጉ አንቀጽ 53 በሰጣቸው ሥልጣን፣ እምቢታው ሕጋዊ እንደ ነበር በምክንያታዊ መሠረት አምኛለሁ የሚል ማረጋገጫ ፈረሙ። በዚህ ፊርማ የችሎቱ ፍርድ ከሥራ ውጭ ሆነ። ጋዜጠኛው ማረጋገጫውን በመቃወም ‹ጁዲሻል ሪቪው› ጠየቀ። በ2013 ተረታ፤ በ2014 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ፈረደለት፤ ማርች 26 ቀን 2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአምስት ለሁለት ድምፅ የዐቃቤ ሕጉን ይግባኝ ውድቅ አደረገው። በዚያው ዓመት በሜይ ወር ጋዜጦች ከልዑሉ ጥቁር የእጅ ጽሕፈት የተነሣ ‹የጥቁር ሸረሪት ማስታወሻዎች› ካሏቸው ጽሑፎች 27ቱ ታተሙ። በኢራቅ ስለተሰማሩ ሄሊኮፕተሮች፣ ስለ ከብት ነቀርሳ፣ በደቡብ ባሕሮች ስለሚጠመድ አንድ የዓሣ ዓይነትም ጭምር ይናገራሉ። ዐሥር ዓመት የተሟገቱበት ምሥጢር ይህ ነበር። ይህም ሆኖ በ2010 በወጣ ሌላ ሕግ ከንጉሡና ከአልጋ ወራሹ ጋር የሚደረግ መጻጻፍ ከዚያ ወዲህ ፈጽሞ እንዳይገለጥ ተደርጓል፤ ስለዚህ የኤቫንስ ጉዳይ መንገድ ከፈተ ከማለት ይልቅ ከመንገዱ መዘጋት በፊት አልፏል ማለት ይቀላል።

በዚህ አንድ ጉዳይ ውስጥ የኮሚሽነሩ ውሳኔ፣ የላይኛው ችሎት ፍርድ፣ የከፍተኛው ፍርድ ቤት ክርክር፣ ከዚያም በላይ ሁለት ይግባኞች አሉ። ከእነዚህ መካከል ፍሬ ነገሩን ከሥሩ የመዘነው የላይኛው ችሎት ነው። ከእርሱ በኋላ የመጡት ዳኞች ‹ደብዳቤዎቹ ቢገለጡ ይሻላል ወይስ ቢደበቁ?› የሚለውን ጥያቄ አልመለሱም፤ ጥያቄያቸው ‹ዐቃቤ ሕጉ እንዲህ ያለ ማረጋገጫ የመፈረም መብት ነበራቸውን?› የሚል ነበር። ሁሉንም ‹ከለሱ› ብሎ የሚጽፍ ተርጓሚ ይህን ልዩነት ማጥፋቱ ሳያንስ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደብዳቤዎቹን አንብቦ ‹ይታተሙ› ያለ አስመስሎ ያቀርበዋል። ጉዳዩን በአማርኛ ለተማሪዎች ስናስረዳ በተደጋጋሚ የገጠመን ጥያቄም ይኸው ነው፦ ‹ዳኞቹ ደብዳቤዎቹን ወደዷቸው ማለት ነው?›

‹ከለሰ› የሚለው ግሥ ራሱ ምን እንደሚል እንመልከት። ከለሰ ማለት ቀላቀለ፣ ወፍራሙን በውሃ አቀጠነ፣ አንዱን ካንዱ አደባለቀ ማለት ነው፤ ከሁለት ዘር የተወለደውን ‹ክልስ› ማለታችን ከዚሁ ነው። ትምህርትን መከለስ፣ መጽሐፍን ከልሶ ማሳተም የሚሉት አነጋገሮችም ከዚህ ወጥተው ጸንተዋል። በሁሉም ውስጥ አንድ የጋራ ነገር አለ፦ የሚከልሰው ሰው በሚከለሰው ነገር ላይ እጁን ያገባል፤ ይጨምራል፣ ያሻሽላል፣ ይለውጣል። መጽሐፉን የሚከልሰው ደራሲው ወይም ደራሲው የወከለው ነው። ታዲያ ‹ጁዲሻል ሪቪው› ዳኛውን የሚከለክለው ይህንኑ አይደለምን? ዳኛው ውሳኔውን ያፈርሳል ወይም ይተወዋል እንጂ በራሱ እጅ አያሻሽለውም። ስለዚህ ‹ክለሳ› ከሁለቱ የ‹ሪቪው› ፍቺዎች ለአንደኛው በግድ ቢበቃ እንኳ፣ የተለመደበት ለማይበቃው ለሁለተኛው ነው።

‹ምርመራ› የሚለውን ያቀረቡም አሉ። ቃሉ ጥንካሬ አለው፤ ዳኛ መዝገብ ይመረምራል፣ ሊቅ መጽሐፍ ይመረምራል። ነገር ግን በዚህ ልዩ መስክ ውስጥ ሁለት ሸክሞች ተጭነውበታል። አንደኛው የፖሊስ ምርመራ ነው። ሁለተኛው የባሰው ነው፤ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ስለ ፕሬስ ነጻነት ሲደነግግ የከለከለው ነገር ስሙ ‹የቅድሚያ ምርመራ› ነው። በዚያው ንኡስ አንቀጽ ሥር ወረድ ብሎ የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት ዕድል ተጠቅሷል። እንግዲህ መረጃ ለማግኘት የሚረዳውን የፍርድ ቤት ሥራ መረጃን ለማፈን ያገለግል በነበረው ቃል ብንጠራው አንባቢው በአንድ አንቀጽ ውስጥ በአንድ ቃል ሁለት ጊዜ ይሰናከላል።

‹እንደገና ማየት› ደግሞ ቀላልና ለዛ ያለው ቢሆንም ቦታው ተይዟል። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ፍርድን እንደገና ማየት የሚባለው፣ አንድ ፍርድ ከተሰጠ በኋላ በሐሰተኛ ሰነድ፣ በሐሰት ምስክርነት ወይም በጉቦ የተገኘ መሆኑ ሲደረስበት ያው የፈረደው ፍርድ ቤት ፍርዱን የሚመለከትበት ልዩ ሥርዓት ነው። የሚያሳዝነው የዚህም የእንግሊዝኛ ስሙ ‹ሪቪው› መሆኑ ነው። ስለዚህ የእንግሊዝኛውን ቃል አይተው የሕጋችንን ቃል የሚያነሡ ተርጓሚዎች ሕሊናቸው ንጹሕ ነው፤ ከመዝገበ ቃላት አልወጡምና። ስሕተቱ የሚገኘው ቃልን በቃል ከመፈለጋቸው ላይ ነው። መፈለግ የነበረበት ሥራው ነው፦ ማን ያያል? ምን ያያል? ካየ በኋላስ ምን ማድረግ ይችላል?

በእኛ አስተያየት በአንቀጽ 58 ውስጥ ያለው ‹ሪቪው› ‹ፍሬ ነገሩን እንደገና መመዘን› ተብሎ ቢተረጐም አንዳች አይጐድልበትም። ‹ፍሬ ነገር› በችሎቶቻችን የኖረ ቃል ነው፤ ‹መመዘን›ም ማስረጃን ለመገመት የተለመደ ነው። የአሜሪካ የመረጃ ነጻነት ሕግ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ‹ዲ ኖቮ› ይወስን የሚልበት ቦታ ደግሞ፣ ላቲኑ በፊደላችን እንዲሁ እንዳይገለበጥ፣ ‹እንደ ዐዲስ መዳኘት› ቢባል መልካም ነው፤ በዚያ ሕግ የማስረዳት ሸክም በከልካዩ መሥሪያ ቤት ላይ ስለሚወድቅ ‹መዳኘት› የሚለው ሙሉ ቃል ይገባዋል። ለ‹ጁዲሻል ሪቪው› የምንመርጠው ‹ሕጋዊነትን ማጣራት› የሚለውን ነው። ‹ማጣራት› የፍሬ ነገር ነው፣ አጣሪ ኮሚሽን የሚያጣራው የተፈጸመውን ድርጊት ነው የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። ይሁን እንጂ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ የሚለው ስያሜ ቃሉ የሕግን ጥያቄም እንደሚሸከም ያሳያል፤ ‹ሕጋዊነትን› የሚለው ቅጥያም ሥራውን ያጥረዋል። ከዚህም በላይ የግሡ ምስል ለእኛ ያደላል፦ ጠላን የሚከልስ ውሃ ይጨምርበታል፤ ጠጅን የሚያጣራ ግን አተላውን ያስቀራል እንጂ የሚጨምረው ነገር የለም።

‹ትሪቡናል› የሚለውን ከላይ ‹ችሎት› ብለን መተርጐማችን ሳይታይ አልቀረም። ብዙዎች ‹ጉባኤ› ይሉታል። ጉባኤ በቋንቋችን መሰብሰቢያ፣ መማማሪያና መመካከሪያ ነው፤ ፍርድ ከዚያ አይወጣም ባንልም ዋና ሥራው ፍርድ አይደለም። የኤቫንስ ጉዳይ የተወሰነበት ዋና ነጥብ ግን የላይኛው ትሪቡናል በሕግ የፍርድ ቤት ማዕረግ ያለው አካል መሆኑ ነበር። ሎርድ ኒውበርገርና ሁለት ባልደረቦቻቸው የተነሡት ፍርድ ቤት የፈረደውን አስፈጻሚው አካል እንዲሁ ሊያፈርሰው አይችልም ከሚል መሠረት ነው፤ ሕግ አውጪው ይህን ሊፈቅድ ቢፈልግ እንኳ ጥርጥር በሌለው ቃል መናገር ነበረበት አሉ። ትሪቡናሉን ‹ጉባኤ› ያለ ትርጉም ይህን መሠረት ከአንባቢው እግር ሥር ይነጥቃል፤ ሚኒስትር የጉባኤን ምክር ባይቀበል ምን ይደንቃል? ‹ችሎት› ብንለው ግን ነገሩ ይከብዳል። እርግጥ በአገራችን እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ የይግባኝ ሁሉ መጨረሻ የዙፋን ችሎት ስለነበረ፣ የንጉሥ ቃል ከዳኛ ቃል በላይ መሆኑ ለጆሯችን እንግዳ አይደለም። ለዚህም ጭምር ነው ቃሉ ግልጽ ሆኖ መቆም የሚገባው።

የዐቃቤ ሕጉ ‹ሰርቲፊኬት›ም ‹የምስክር ወረቀት› ተብሎ ሲተረጐም አይተን ፈገግ ብለናል፤ ዐቃቤ ሕጉ ትምህርት የጨረሱ ያስመስላልና። ጋዜጠኞች ሥልጣኑን ‹ቪቶ› ማለታቸውን ተከትሎ ‹ድምፅን በድምፅ የመሻር መብት› ማለትም አይስማማም፤ ይህ አነጋገር ከተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት የመጣ ነው፤ እዚህ ግን ድምፅ የሰጠ የለም። ‹ማረጋገጫ› ይበቃል።

አሁን ከስያሜ ወደ ግሥ እንለፍ፤ ከሁሉም የከፋው ጉዳት የሚደርሰው እዚህ ነውና። የእንግሊዝ ፍርድ ይግባኙ ‹አላውድ› ወይም ‹ዲስሚስድ› በሚል ቃል ያበቃል። የመጀመሪያውን ‹ይግባኙ ተፈቀደ› ብሎ የሚተረጉም ሰው ቃሉን አልሳተም፤ ፍርዱን ግን ገልብጦታል። በእኛ ችሎት ይግባኝ ተፈቀደ ማለት ይግባኙ ይሰማ ተባለ፣ በዳኞች አነጋገርም ‹ያስቀርባል› ተባለ ማለት ነው። በእንግሊዝ ግን ይግባኝ ባዩ ረታ ማለት ነው። አንዱ የክርክሩ በር፣ ሌላው የክርክሩ መደምደሚያ ነው። አማርኛ ለዚህ የሚያሳፍር ድህነት የለበትም፤ ፍርዱ ጸና፣ ተሻረ፣ ተሻሻለ፣ ነጥብ ተይዞለት ወደ ሥር ተመለሰ የሚሉት አራቱ ግሦች ከእንግሊዝኛዎቹ ሁለቱ ይልቅ ለባለጉዳዩ ያስረዳሉ። ስለ ይግባኙ ከመናገር ይልቅ ስለ ውሳኔው ይናገራሉና።

ለዚህ የስኮትላንድ አንድ ጉዳይ ጥሩ ማስረጃ ነው። ስኮትላንድ በ2002 የወጣ የራሷ የመረጃ ነጻነት ሕግና የራሷ ኮሚሽነር አላት፤ በኮሚሽነሩ ውሳኔ ላይ የሚቀርበው ይግባኝ በቀጥታ ወደ ከፍተኛው የስኮትላንድ ፍርድ ቤት የሚሄድ ሲሆን፣ የሚሄደውም በሕግ ነጥብ ላይ ብቻ ነው። አንድ ጠያቂ በደምፍሪስና ጋሎዌይ አካባቢ ከ1990 እስከ 2003 በደም ካንሰር የታመሙ ሕፃናት ቁጥር በየቀበሌውና በየዓመቱ ተዘርዝሮ እንዲሰጠው ጠየቀ። የጤና አገልግሎቱ ድርጅት ቁጥሮቹ ትንንሽ ስለሆኑ ሕፃናቱ ሊታወቁ ይችላሉ ብሎ ከለከለ። ኮሚሽነሩ ቁጥሮቹ በጥቂቱ ከፍና ዝቅ ተደርገው፣ ባለሙያዎች በአንድ የስታቲስቲክስ ሊቅ ስም ‹ባርናርዳይዜሽን› በሚሉት ዘዴ ተሸፍነው ይሰጡ አለ። የስኮትላንዱ ፍርድ ቤት ይህን አጸና። የሎርዶች ምክር ቤት በ2008 ይግባኙን ‹አላው› አደረገ፤ ይህም ማለት የኮሚሽነሩን ውሳኔ ሽሮ፣ በዚህ መልክ የተሸፈኑት ቁጥሮች የግል መረጃ መሆን አለመሆናቸውን ራሱ ኮሚሽነሩ አጣርቶ እንዲወስን ጉዳዩን መለሰለት ማለት ነው። የሕግ ነጥብ ብቻ የሚያይ ፍርድ ቤት የፍሬ ነገሩን ጥያቄ ራሱ ሳይመልስ መልሶ ይልከዋል። ‹ይግባኙ ተፈቀደ› በሚለው ትርጉም ውስጥ ከዚህ ሁሉ አንድም የሚታይ የለም፤ ‹ተከለሰ› ቢባል ደግሞ ሎርዶቹ ቁጥሮቹን ራሳቸው ያስተካከሉ ይመስላል። ‹የሕግ ነጥብ› የሚለውንም በሰበር ችሎታችን ልማድ ‹መሠረታዊ የሕግ ስሕተት› ብሎ መተርጐም ትርፍ ነው፤ ‹መሠረታዊ› የሚለው ቅጽል የእኛ ሕገ መንግሥት ለሰበር የሰጠው መስፈርት እንጂ የስኮትላንድ ሕግ ቃል አይደለም።

ወደ ልዑሉ ደብዳቤዎች እንመለስ። ዐቃቤ ሕጉ የያዙት አስተያየት ‹ሪዝነብል› መሠረት ያለው መሆን እንዳለበት አንቀጽ 53 ይጠይቃል። የዳኞቹ መለያየት በዚህ ቃል ላይ ነበር። ሎርድ ኒውበርገር፣ አንድ ሚኒስትር በዚያው ማስረጃና በዚያው ክርክር ላይ ተመሥርቶ ከፍርድ ቤት የተለየ ሐሳብ ስላለው ብቻ ‹ሪዝነብል› ሊባል አይችልም አሉ። ሎርድ ማንስና ሌዲ ሄል በውጤቱ ቢስማሙም ሚኒስትሩ በሕዝብ ጥቅም ሚዛን ላይ የተለየ ሐሳብ ሊይዝ የሚችልበትን በር ሰፋ አድርገው ተዉት፤ ያቀረበው ምክንያት ግን አልበቃቸውም። ሎርድ ዊልሰንና ሎርድ ሂዩዝ ተቃወሙ፤ ሎርድ ዊልሰን የይግባኝ ፍርድ ቤቱ አንቀጹን መተርጐሙን ትቶ እንደገና ጽፎታል እስከማለት ደረሱ። (ይህ ክስ ለተርጓሚዎች ከወዴት እንደሚመጣ እናውቀዋለን፤ በአማርኛ ሕግን ማብራራትም ጽሑፍን ከቋንቋ ወደ ቋንቋ መመለስም አንድ ግሥ መሆኑ ያለ ነገር አይደለም።)

እንግዲህ ይህን ‹ሪዝነብል› እንዴት እንተርጉመው? ‹በአሳማኝ ምክንያት› ብንል፣ ማንን የሚያሳምን? የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ መልሱ ‹ዳኛውን› ከመሆን አያመልጥም፤ ስለዚህ ለሎርድ ኒውበርገር ፈርደናል። ‹በቂ ምክንያት› ብንልም ብቃቱን የሚለካ ሌላ ሰው ሊኖር ነው። ‹ምክንያት ኖሮት› ብንል ደግሞ ለተቃዋሚዎቹ ፈረድን። ተርጓሚ ሰባት ዳኞች ያልተስማሙበትን ጉዳይ በአንድ ቅጽል ሊወስን አይገባውም። በ‹አዊ› የሚያልቁ ዐዳዲስ ቅጽሎችን ብዙ ጊዜ አንወዳቸውም፤ እዚህ ግን ‹ምክንያታዊ› የሚለው ድብዝዝ ቃል በድብዝዝነቱ ያገለግላል። ክርክሩን ክፍት አድርጎ ለአንባቢው ያስተላልፋል።

በተቃራኒው ‹የሕዝብ ጥቅም› ከእንግሊዝኛው የተሻለ ነው። የእንግሊዝኛው ቃል ሕዝብን የሚጠቅመውንም ሕዝብ ለማወቅ የሚጓጓለትንም ሊል ስለሚችል ዳኞቻቸው ልዩነቱን ደጋግመው ማስጠንቀቅ ግድ ሆኖባቸዋል። አማርኛው ይህ ሕመም የለበትም።

ዳኛ የተከለከለውን ጽሑፍ ራሱ የሚያይበት ሥርዓትም ማጥመጃ አለው። አሜሪካ ሕጓን በ1966 አወጣች። በ1973 ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ በአካባቢ ጥበቃ ድርጅትና በሚንክ መካከል በነበረው ክርክር፣ መንግሥት በምሥጢርነት የፈረጀውን ሰነድ ዳኞች ገልጠው ፍረጃው ተገቢ መሆኑን ሊያዩ አይችሉም አለ። ኮንግረሱ በ1974 የፕሬዚዳንት ፎርድን ተቃውሞ በድምፅ ብልጫ አልፎ ሕጉን በማሻሻል ዳኞች ሰነዱን ‹ኢን ካሜራ› እንዲያዩ ፈቀደ። ይህን ‹በዝግ ችሎት› ብሎ መተርጐም የተለመደ ነው። ነገር ግን በዝግ ችሎታችን የሚወጣው ሕዝቡ ነው፤ ተከራካሪዎቹ ይቀመጣሉ። በመረጃ ክርክር ግን ጠያቂው ራሱ አያይም፤ ቢያይማ ክርክሩ አበቃ። የተጠየቀው መረጃ ለዳኛው ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል፤ ለጠያቂው ግን ገና መረጃም አልሆነም። ስለዚህ ‹ዳኛው ሰነዱን ለብቻው ሲመለከት› ብሎ መዘርዘር ይሻላል። የደቡብ አፍሪካ የሕግ ሰዎች ይህንኑ ‹የዳኛ አጮልቆ ማየት› ሊባል በሚችል ቃል ይጠሩታል፤ ለፍርድ ቤት ቋንቋ ቀለል ያለ ቢመስልም ሥራውን ከ‹ዝግ ችሎት› ይልቅ በትክክል ይነግራል።

በመጨረሻ ሁሉ ነገር ስለሚጀምርበት ቃል። ‹ኮምፕሌይንት› በአብዛኛው ‹ቅሬታ› ተብሎ ይተረጐማል። ቅሬታ ከ‹ቀረ› የወጣ ነው፤ በልብ ውስጥ የቀረ፣ ያልወጣ ነገር ነው፤ በዐለት ውስጥ የቀረውን የጥንት ፍጡር ‹ቅሬተ አካል› ያልነውም ከዚሁ ሥር ነው። አቤቱታ ግን ‹አቤት› ከሚለው ጩኸት የወጣ ነው፤ የወጣና የተሰማ ነገር ነው። ሕግ የሚመልሰው ለተሰማው ነው። ኮሚሽነሩ በቅሬታ ላይ አስተያየት የሚሰጥ ሽማግሌ አይደለም፤ በአቤቱታ ላይ ይወስናል፤ ውሳኔውን ያልፈጸመ መሥሪያ ቤትም ችሎት እንደ ደፈረ ሊቆጠርበት ይችላል። በዚሁ ምክንያት ‹የመረጃ እንባ ጠባቂ› ብሎ መተርጐሙም አይስማማንም። ‹እንባ ጠባቂ› ከስዊድኑ ቃል ሳይገለበጥ ከራሳችን ምስል የተፈጠረ፣ በአዋጅ ቁጥር 211/1992 ለተቋቋመው ተቋም የተሰጠና እጅግ የምናደንቀው ስያሜ ነው። ነገር ግን የሚያባብልና የሚመክር ድምፅ አለው፤ የብሪታንያው ኮሚሽነር ያዝዛል። የኢትዮጵያው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መረጃ የተከለከለ ሰው ወደ እንባ ጠባቂው፣ ከዚያም ወደ ፍርድ ቤት የሚደርስበትን መንገድ ሲዘረጋ ይህ የቃላት ጥያቄ በእኛም ደጅ ቆሟል፤ በዚያ መንገድ መጨረሻ ላይ ያለው ዳኛ ይከልሳል፣ ይመዝናል ወይስ ያጣራል?

ለብሪታንያው ሕግ አንባቢ የምናቀርበው ዐረፍተ ነገር ይህን ይመስላል፦ ‹አቤቱታ አቅራቢው ወይም መሥሪያ ቤቱ በኮሚሽነሩ ውሳኔ ካልተስማማ በ28 ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ደረጃ ችሎት ይግባኝ ሊል ይችላል፤ ችሎቱ ፍሬ ነገሩን እንደገና ሊመዝንና በውሳኔው ፈንታ ሌላ ሊተካ ይችላል፤ ከዚያ በላይ የሚቀርበው ይግባኝ በሕግ ነጥብ ላይ ብቻ ነው።› አንድ ነገር ሳንፈታው ቀርቷል። መሥሪያ ቤት የተጠየቀው መረጃ መኖሩንም አለመኖሩንም አልናገርም ሲል፣ አሜሪካኖች በ1970ዎቹ ከተከራከሩበት ከአንድ መርከብ ስም ወስደው ‹የግሎማር መልስ› ይሉታል። መርከቡን ለአማርኛ አንባቢ መጫን አንፈልግም፤ ‹አለም የለምም ያለማለት መልስ› የሚለው ደግሞ ለሕግ ጽሑፍ ይረዝማል። የተሻለ ስያሜ ያላቸው አንባቢያን ቢልኩልን በሚቀጥለው እትም ከነምክንያቱ እናወጣዋለን።